ዘጠነኛው ሣጥን

መስከረም 14

ጥፋተኛው «ነገ ይመለሱ» ነው። ሰላምታዬን ቀጥዬ አደርሳለሁ፤ መጀመሪያ ይህ በጽሑፍ ይቀመጥልኝ።

ልጄ ቁንጥንጤ፣ እንደምን ከርመሻል? መግቢያ መውጫሽን ፈጣሪ ይጠብቅልሽ፤ ከሰው አፍ ያውጣሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆስፒታል ወለል ላይ አንበርክኬው ሲያበቃ ባይጮኽ ይገርመኝ ነበር።

«የእናቴ ፊደል ለምን እንዲህ ትልልቅ ሆነ?» ብለሽ ጠይቀሻል። የእኔ ስለሆነ ነው። በአርባ ስድስት ዓመቱ ፊደል የቆጠረ እጅ ከዚህ አሳንሶ አይጽፍም። ያለፉትን ስድስት ደብዳቤዎች እሷ እየነገረችኝ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እናትሽ አታይም። እንዳልነግርሽ አስምላኝ ነበር፤ ይኸው መሐላዬን አፈረስኩ።

«እንዳትነግሪያት፤ ሥራዋን ጥላ ትመጣለች» አለችኝ።

«ብትመጣስ?»

«ብትመጣማ ትመጣለች። ዓይኔን ይዛልኝ አትመጣ።»

የቀኝ ዓይኗ አልቆለታል። ግራው ላይ ያለው ሞራ ነው፤ ብርሃንና ጨለማ ብቻ ትለያለች። ሐኪሙ «እስከ ግንቦት ከተሠራ ይድናል፤ ከዚያ ካለፈ እንደ ቀኙ ይሆናል» ብሎናል። የተመዘገበችው ዛሬ ሦስት ዓመት ነው። የጤና ጣቢያችን ካርድ ያዥ፣ ያ ስሙን ማንም የማይጠራው፣ በሄድን ቁጥር ከመስኮቱ ወዲያ ሆኖ «ገና ነው፣ ነገ ይመለሱ» ይለናል። የእሱ ነገ ሦስት ዓመት ሞላው።

አሁን ግን ነገሩ እኔ ዘንድ መጣ። ሁለት የዓይን ሐኪሞች ከመጋቢት አንድ ጀምሮ በቀን አርባ ሰው ሊሠሩ ወደ እኛ ሆስፒታል ይመጣሉ። የአሥራ አምስት ጤና ጣቢያዎች ተጠባባቂዎች በአንድ ዝርዝር ይጠራሉ ተባለ። አሥራ አምስት የካርቶን ሣጥኖች አሁን የምሠራበት ካርድ ክፍል ገቡ፤ በያንዳንዱ ውስጥ ሁለት መቶ ያህል ካርድ አለ፤ ቀድሞ የተመዘገበው ከፊት፣ ኋላ የመጣው ከኋላ። የነገ ይመለሱ ሣጥን ዘጠነኛው ነው።

ሥራ አስኪያጁ በሩ ላይ ቆሞ፣ «ሁሉንም ዘርግፋችሁ በቀን ደርድሩ» አለ። አብራኝ የምትሠራው ቀጭኗ ትእዛዝ ሲሰጣት አታኝክም፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሣጥኖች ጠረጴዛው ላይ ገለበጠቻቸው። አራት መቶ ካርድ! እነሱን ብቻ በየሣጥናቸው መልሰን ለመደርደር ሁለት ሳምንት ፈጀብን። ሦስተኛውን ልትገለብጥ ስትል ሣጥኑ ላይ ተቀመጥኩበት። «እትዬ፣ ተነሺ እንጂ» ብትል ብትል ወይ ፍንክች!

ዝርዝሩ እስከ መጋቢት ካላለቀ ሥራ አስኪያጁ በሣጥኖቹ ቁጥር ተራ አስጠራለሁ ብሏል። ያኔ አንደኛው ሣጥን ውስጥ ትናንት የተመዘገበው ሰው ዘጠነኛው ውስጥ ሦስት ዓመት የጠበቀችውን ይቀድማል። ያኔ እናትሽ አለቀላት።

አንቺ በማሽን ዝርዝር የምታስተካክይ ነሽ ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔ ማሽን የለኝም። ጠረጴዛ አለኝ፣ ሁለት እጅ አለኝ። ምን ላድርግ?

አክስትሽ

*

ጥቅምት 2

የማከብርዎ እትዬ፣

ጤናዎ ይብዛ፣ ጉልበትዎን ይማርልኝ። ደብዳቤዎን የመሥሪያ ቤታችን ደረጃ ላይ ቆሜ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። «ለምን ደበቃችሁኝ?» ብዬ ልቆጣ ፈለግኩ። ስድስት ዓመት ዝር ያላለ ሰው በየትኛው አፉ ይቆጣል? እናቴን ስለ እኔ እቅፍ ያድርጓት።

ሣጥኑ ላይ በመቀመጥዎ እጅዎን ልስመው። እትዬ፣ እባክዎ አንድም ሣጥን አይገልብጡ! በየሣጥኑ ውስጥ ያለው ቅደም ተከተል የተሠራ ሥራ ነው። አሥራ አምስት ሰዎች ለዓመታት በየዕለቱ አንድ አንድ ካርድ ከኋላ እየጨመሩ ሠርተውታል። መዘርገፍ ያንን ሁሉ ድካም ጠረጴዛ ላይ መድፋት ነው።

እስቲ አንድ ነገር ያስቡልኝ። ከሦስት ሺሁ ሰዎች ሁሉ ቀድሞ የተመዘገበው የት ሊሆን ይችላል? መሐል ሊሆን አይችልም፤ ከፊቱ ሌላ ቀዳሚ አለዋ። ስለዚህ ከአሥራ አምስቱ ሣጥኖች በአንዱ የመጀመሪያ ካርድ ነው። ሌላ ቦታ የለውም። እንግዲያው የየሣጥኑን የፊት ካርድ ብቻ ያውጡና ይደርድሩ፤ ከአሥራ አምስቱ ቀዳሚውን መርጠው ካለቀው ክምር ላይ ያኑሩ። ከዚያ ከዚያው ሣጥን ቀጣዩን አውጥተው በቦታው ይተኩ። እንደገና ይምረጡ። የቀሩት ሦስት ሺህ ካርዶች በሣጥናቸው ተኝተው ይጠብቁ፤ አይንኳቸው።

እኔ ይህን የምሠራው ከአንድ ልብስ ማጠቢያ ቤት በላይ ባለች ክፍል ውስጥ ነው። ማሽኖቹ ሲዞሩ ወንበሬ ይንቀጠቀጣል። ከብዙ ቦታ የሚመጡ ዝርዝሮችን አንድ ማድረግ ነው ሥራዬ፤ ለማን እንደሆነ ግን አይቼ አላውቅም። ዛሬ አንዷን አወቅኳት።

ልጅዎ

*

ጥቅምት 19

ልጄ፣ ሰላምሽ ይብዛ፤ ያቺ የምትንቀጠቀጥ ወንበርሽ ከነነፍስሽ ታቆይሽ።

ያልሽው ሠራ። አሥራ አምስቱን ካርዶች በአንድ ረድፍ ዘረጋኋቸው። የመጀመሪያዋን ካርድ ሳነሳ ቀጭኗን ጠራኋትና «ይህች ከሦስት ሺሁ ሁሉ ቀዳሚ ናት፤ የቀሩትን ሳላያቸው እምላለሁ» አልኳት።

«ሳታዪ እንዴት ትምያለሽ?»

«ሌላ የት ትሆናለች?» አልኳት። ዝም አለች። ሰው ዝም ሳሰኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ግን ልጄ፣ እኔ ቀን የማነበው መርፌ እንደሚሰካ ሰው ነው። አንድ ካርድ ለማንሳት አሥራ አምስቱንም ከዳር እስከ ዳር መመልከት አለብኝ። ስጨርስ የመጀመሪያው ስንት ይል እንደነበር ይጠፋኛል፤ እንደገና እመለሳለሁ። ቀጭኗ ታዲያ ማን ይያዛት፣ «እትዬ፣ ካርድ ነው የምታወጪው ወይስ ምራት የምትመርጪው?» ትለኛለች። በቀን ሃያ አምስት ካርድ ብቻ ነው የማወጣው። ቆጥሬዋለሁ፣ በዚህ አካሄድ የሚያልቀው ሚያዝያ ነው።

የሚያናድደኝ ደግሞ ይህ ነው፤ አንድ ካርድ ወጥታ አንድ ስትተካ አሥራ አራቱ አልተነቃነቁም። ቅድም አይቻቸዋለሁ። ማን ከማን እንደሚቀድም ቅድም አውቄው ነበር። ታዲያ ለምንድን ነው እንደ አዲስ የማያቸው? ያወቅኩትን የማስቀምጥበት ቦታ የለም?

እናትሽ ደህና ናት። ትስምሻለች።

አክስትሽ

*

ኅዳር 3

እትዬ፣

ዕድሜዎን ያርዝምልኝ። ደብዳቤዎን ለሥራ ባልደረቦቼ አነበብኩላቸው። «ያወቅኩትን የማስቀምጥበት ቦታ የለም?» የምትለዋን ሲሰማ አንዱ ሽማግሌ መሐንዲስ መነጽሩን አወለቀና «ይህን የጠየቀችው የትኛው ትምህርት ቤት የተማረች ናት?» አለ። ካርድ ክፍል አልኩት።

ቦታ አለ። ጠረጴዛውን ያጽዱልኝ። አሥራ አምስቱን ካርዶች በአንድ ረድፍ ሳይሆን በአራት ረድፍ ይዘርጓቸው፤ ከላይ አንድ፣ ከሥሯ ሁለት፣ ከእነሱ ሥር አራት፣ ከታች ስምንት። እያንዳንዷ የላይ ካርድ ከሥሯ ሁለት ልጆች አሏት ይበሉ። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፤ እናት ከሁለቱም ልጆቿ በቀን መቅደም አለባት። እህትማማቾቹ እርስ በርስ ማን ይቅደም ማን ይከተል አያገባንም። እኛ ይህን ክምር እንለዋለን።

ሲጀምሩ ከሦስተኛው ረድፍ ይጀምሩ። ልጇ የምትቀድማት እናት ካለች ከቀዳሚዋ ልጅ ጋር ቦታ ይለዋወጡ። ከዚያ ወደ ሁለተኛው ረድፍ፣ ከዚያ ወደ አናቱ ይውጡ። ወደ ታች የወረደችው ካርድ አሁንም የሚቀድማት ልጅ ካገኘች እንደገና ትውረድ። ሲያልቅ አናት ላይ ያለችው የሁሉም ቀዳሚ ናት።

እሷን ያንሱና ካለቀው ላይ ያኑሩ። ከመጣችበት ሣጥን ቀጣይዋን አውጥተው አናቱ ላይ ያስቀምጡ፤ ለዚህም ሲባል በየካርዱ ጠርዝ ላይ የሣጥኑን ቁጥር ይጻፉ። አዲሷ እንግዳ ናት፤ ቦታዋን አታውቅም። ከሥሯ ያሉትን ሁለቱን ብቻ ይዩ። ከሁለቱ ቀዳሚዋ ከእንግዳዋ የምትቀድም ከሆነ ትውጣ፣ እንግዳዋ ትውረድ። የሚቀድማት እስክታጣ ድረስ እንዲሁ። ቢበዛ ሦስት ጊዜ ትወርዳለች፤ ከዚያ በታች ጠረጴዛ ነው። አንድ ሣጥን ሲያልቅ ደግሞ ባዶ ወረቀት ያስቀምጡ፤ ባዶ ወረቀት ከሁሉም ኋላ ነው፣ ራሱ ሄዶ ታች ይሰምጣል።

«እናትሽ ደህና ናት። ትስምሻለች» ብለው አራት ቃል ብቻ ጻፉልኝ። ምን ትላለች? ምን ትበላለች? ማን ያበጥራታል?

ልጅዎ

*

ኅዳር 25

ልጄ ቁንጥንጤ፣ እጅሽ ይባረክ፣ ያሰብሽው ይሙላ።

ለሽማግሌው መሐንዲስ ትምህርት ቤት እንዳልገባሁ ንገሪው። አባታችን «የሁለት ልጅ ደብተር አልችልም» ብሎ ታናሼን፣ እናትሽን፣ ላካት። እኔ ውኃ ቀዳሁላት፣ ልብሷን አጠብኩላት። ማታ ማታ የተማረችውን ጮክ ብላ ስታነብ ከጀርባዋ ተቀምጬ እሰማ ነበር። ገጹን ግን አላሳየችኝም። አልጠየቀችኝም ትላለች። እውነቷን ነው፤ አልጠየቅኳትም።

ክምሩ ሠራ። ሠራ ብቻ ሳይሆን ልቤን ወሰደው። አሁን በቀን ሰባ አምስት ካርድ አወጣለሁ፤ ቅዳሜንም ጨምሬ እገባለሁ። አሥራ አራት ጊዜ ከማወዳደር ስድስት ጊዜ። አንዳንዷ እንግዳ እንዲያውም አናቱ ላይ እንደ ተቀመጠች ትቀራለች፤ ሁለት አይቼ ማንሳት ብቻ ነው። አንዳንዷ እስከ ታች ትንከባለላለች። ቀጭኗ መቀለዷን ትታ አሁን ትወራረዳለች፤ «ይህቺ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ትቆማለች» ትላለች፣ ትሳሳታለች።

እኔም ራሴ ሁለት ነገር አገኘሁ። አንደኛ፣ ሁለተኛዋ ቀዳሚ ሁልጊዜ ከአናቷ ቀጥሎ ካሉት ሁለቱ አንዷ ናት። ሦስተኛዋ ግን እዚያው ልትሆን ትችላለች፣ ወይም ከእነሱ ሥር። ክምሩ ይህን አይነግረኝም፤ ተራዋ እስኪደርስ ድረስም ማወቅ አያስፈልገኝም። ዕድሜዬን ሙሉ ሥራ ማለት ሁሉንም ጨርሶ ማወቅ ይመስለኝ ነበር። ሁለተኛ፣ ሣጥኖቹ ሠላሳ አንድ ቢሆኑ ከታች የሚጨመረው አንድ ረድፍ ብቻ ነው። እጥፍ ሣጥን፣ አንድ መውረጃ ብቻ! ተሳስቻለሁ?

አንቺ ያልነገርሽኝም አጋጠመኝ። ሁለት ሰዎች በአንድ ቀን ተመዝግበዋል። እንደ ማሽንሽ ቢሆን «የፈለገችው ትቅደም» ይላል መሰለኝ። እኔ በዕድሜ የገፋውን አስቀደምኩ። ሰው የፈለገው ይቅደም አይባልም።

እናትሽን የማበጥራት እኔ ነኝ። ደህና ናት።

አክስትሽ

*

ታኅሣሥ 22

ልጄ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን።

ዛሬ አጭር ነው የምጽፈው። ሦስት ሺሁ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረኝ አንዲት ካርድ አናቱ ላይ አስቀመጥኩ። ከታቿ ያሉት ሁለቱ ያለፈው ዓመት ናቸው። እሷ ግን የሦስት ዓመት ናት። አልወረደችም፤ ወዲያው መነሳት ነበረባት። ካለቀው ክምር ላይ ያለችውን የመጨረሻዋን ካርድ አየሁ። እሷም ያለፈው ዓመት ናት። ወጥታ ካበቃችው የምትቀድም ካርድ እንዴት ከዚህ ትመጣለች?

ካርዷ የወጣችው ከዘጠነኛው ሣጥን ነው። ክምርሽ ይሳሳታል ወይ?

አክስትሽ

*

ጥር 4

እትዬ፣ እንደምን ሰንብተዋል?

ክምሩ አልተሳሳተም። በእሱ ላይ ከእርስዎ በቀር ማንም እንዲህ አልተጠነቀቀም። ክምሩ ግን አንድ ነገር ያምናል፤ እያንዳንዱ ሣጥን በራሱ ውስጥ የተደረደረ መሆኑን። የፊቷ ካርድ ከኋላዋ ካሉት ሁሉ ትቀድማለች ብሎ ያምናል። ሣጥኑ ከዋሸው እሱም አብሮ ይዋሻል፣ ዋሸሁም አይልም። ምናልባት ከዚህ በፊትም ሳያዩት ያለፈ ካርድ ይኖራል። ያለቀውን ወደ ኋላ እያገላበጡ ቢያዩት።

ስለ ሠላሳ አንዱ ሣጥን አልተሳሳቱም። ሽማግሌው መሐንዲስ ወረቀትዎን ግድግዳው ላይ ለጠፈው።

ዘጠነኛው የነገ ይመለሱ ሣጥን አይደለም እንዴ? እትዬ፣ ካርዷ የማን ናት?

ልጅዎ

*

ጥር 27

እትዬ፣

ሦስት ሳምንት ሆነ፣ መልስ የለም። ፖስታ ቤቱ ይሆን? ታመሙ? እናቴ አንድ ነገር ሆነች? መጋቢት አንድ እኮ ደረሰ። ሁለት መስመር ይጻፉልኝ። አንድም ይበቃል።

ልጅዎ

*

የካቲት 8

ልጄ፣ ፈጣሪ ልብሽን ያስፋልኝ፤ ዛሬ ሰፊ ልብ ያስፈልግሻል።

ፖስታ ቤቱ ምንም አላደረገም። ካርዷ የእናትሽ ናት። ያኔውኑ አውቄያት ነበር። የተመዘገበችበትን ቀን በቃሌ ስለማውቀው ነው ዓይኔን የያዘኝ፤ ባላውቀው ኖሮ አንስቼ አስቀምጫት አልፍ ነበር። ተራዋ ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ አርባ ይሆን ነበር። በቀን አርባ ሰው ሲሠራ፣ ቅዳሜና እሑድ ሳይቆጠር፣ ሰኔ ላይ ይውላል። ከግንቦት በኋላ።

ያለቀውን ወደ ኋላ አገላብጬ አየሁት። ከዘጠነኛው ሣጥን የመጡ እንዲህ ከቦታቸው የወጡ ሠላሳ ስድስት ሌሎች ነበሩ። ሳላይ አሳልፌያቸዋለሁ።

በማግስቱ ነገ ይመለሱ ዘንድ ሄድኩ። እርሳሱን በምላጭ እየቀረጸ ነበር።

«እናቴ፣ ምነው ዛሬ ብቻዎን?» አለኝ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሰው መጥቶ ተራዬ ደረሰ ወይ ሲልህ ምን ታደርጋለህ?»

«ካርዱን አወጣለሁ፣ ቀኑን ጀርባው ላይ እጽፋለሁ፣ ያመጣውን ሰው አስፈርማለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ መልሼ አስገባለሁ።»

«የት?»

«ከኋላ ነዋ!»

«ለምን ከኋላ?»

የማላውቀውን የሚያስተምረኝ መስሎት እርሳሱን አስቀመጠ። «ከፊት ያሉት እኮ ድምፃቸው የጠፋ ነው፤ ይኑሩ ይሙቱ አላውቅም። ቶሎ መጠራት ያለባቸው እነሱ ናቸው። የመጣ ሰው ግን መኖሩ ታወቀ። ምን ያስቸኩለዋል?»

ልጄ፣ ተንኮል ቢሆን ኖሮ መስታወቱን እሰብርለት ነበር። ተንኮል አልነበረም። ሃያ ዓመት እንዲህ ሲያደርግ የት ትመልሰዋለህ ብሎ የጠየቀው የለም።

አሁን የከረምኩበትን ልንገርሽ። የእናትሽን ካርድ ገልብጬ አየሁት። በየሦስት ወሩ እጇን ይዤ እወስዳት ነበር፤ እሷ አይደለችም እንሂድ የምትለው፣ እኔ ነኝ። የበሩን ጽሑፍ አነብላታለሁ፣ የመስኮቱን ቁጥር አነብላታለሁ፣ ከዚያ ሰውዬው ብዕር ይሰጠኛል። ሰው ፊት ብዕር መያዝ ደስ ይለኝ ነበር። ካርዱ ጀርባ ላይ አሥራ አንድ ፊርማ አለ። የመጀመሪያው እንደ ሕፃን እጅ ይንቀጠቀጣል፤ የመጨረሻው ጅራት ሁሉ አለው። በፈረምኩ ቁጥር ወደ ኋላ መልሻታለሁ። አንድም ቀን ባልሄድ ኖሮ ዛሬ ተራዋ የት በሆነ!

ሥራው ምን ላይ እንደደረሰ ደግሞ ስሚ። እንደ አዲስ ልጀምር ነው ብዬ ሁለት ቀን አለቀስኩ። ሦስተኛው ቀን ላይ ያለቀውን ክምር ቁጭ ብዬ ሳየው አንድ ነገር መጣልኝ። የዘጠነኛውን ካርዶች ብቻ ከመሐሉ ብመዝዛቸው የቀሩት አሁንም በተራቸው ናቸው! ካርድ ሲመዘዝ የቀሩት አይዛነፉም። የዘጠነኛው ሣጥን ካርዶች ደግሞ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ብቻ ናቸው። እነሱን እንደ አዲስ ደርድሮ፣ ሁለቱን የተደረደሩ፣ ትልቁንና ትንሹን፣ ፊት ለፊታቸውን እያዩ ማዋሃድ ነው። ሁለት ካርድ ብቻ እያዩ! ክምር እንኳ አያስፈልገውም። መልስሽን አልጠበቅኩም፤ ልክ መሆኑን አውቄው ነበር።

ግን ሥራ አስኪያጁ ጠራኝ።

«አልቋል አላልሽም ነበር?»

«ሊያልቅ ነበር። ተሳስቷል።»

«ሠላሳ ሰባት ሰው ወደ ላይ ሊወጣ ነው ይላሉ። አንዷ እህትሽ ናት ይላሉ።»

ቀጭኗ ከኋላዬ ሆና፣ «ሌላ ሰው ቢሆን እኔ ራሴ አላምነውም ነበር» አለች። ልትረዳኝ ይሁን ልትገፋኝ አላወቅኩም።

«እንግዲያው እኔ አልነካውም» አልኩ። «ዘጠነኛውን ቀጭኗ ትደርድረው። ያለቀውንም እሷ ታዋህደው። እኔ እዚያ ክፍል አልገባም።»

ሥራ አስኪያጁ ካርዷን ገልብጦ ፊርማዎቹን ቆጠረ፤ ከዚያ ለቀጭኗ ሰጣት። ስድስት ቀን ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ቀጭኗ ጮክ ብላ ቀን ስታነብ ሰማሁ። እናትሽ ስድስት መቶ ሰባ ሦስተኛ ወጣች። መጋቢት ሃያ ሦስት።

ደህና ናት ብዬ ልጨርስ ነበር። ደህና አይደለችም። ከሳምንት ወዲህ ብርሃኑም እየጠፋባት ቀኑ ደመና ነው ወይ እያለች ትጠይቀኛለች። ቀኑ ደመና አልነበረም።

አክስትሽ

*

የካቲት 20

እትዬ፣

ሁለት ቀን ተቀየምኩዎ፤ አልዋሽዎትም። በሦስተኛው ቀን ያንን ሣጥን አሰብኩት። እርስዎ በሦስት ዓመት አሥራ አንድ ጊዜ ጠየቁ። እኔ በስድስት ዓመት ስንት ጊዜ ጠየቅኩ? «እናቴ ዓይንሽ እንዴት ነው?» ብዬ አንድም ጊዜ አልጻፍኩም። እንደዚያ ሣጥን ቢሆን እኔን ከፊት ያስቀምጠኝ ነበር።

ያለቀውን መልሰው ያዋሃዱበት መንገድ ልክ ነው። እኛ ጋ እንዲያ ሲገጥመን ሁሉንም አፍርሰን እንደ አዲስ ነው የምንጀምረው። ሽማግሌውን አሁን ባላሳየው ይሻላል፤ ሥራዬን ሊሰጥዎ ይችላል።

አንድ ልለምንዎ። ደብዳቤዎቼን ለእናቴ የሚያነቡላት እርስዎ ነዎት። የካርዱን ነገር ነግረዋታል? ካልነገሯት ይህንን ደብዳቤ ከላይ እስከ ታች ያንብቡላት። ከእኔ ትስማው።

መጋቢት ሃያ ሦስት ስልክ አጠገብ ነኝ። ለመምጣት ፈቃድ ጠይቄያለሁ፤ መልስ አልሰጡኝም። «ነገ ተመለሺ» አሉኝ። ሳቅኩባቸው፤ አልገባቸውም።

ልጅዎ

*

ሚያዝያ 11

ልጄ ቁንጥንጤ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። ድምጿን በስልክ ሰምተሻል፤ እኔ ያላወራሁሽን ልጻፍልሽ።

በተባለው ቀን፣ በተባለው ቁጥር ተጠራች። ከፊቷ አንድ በዱላ የሚሄድ ሰውዬ ነበረ፣ ከኋላዋ አንዲት ከሰባተኛው ሣጥን የመጣች ሴት። ሁለቱንም ከካርዳቸው አውቃቸዋለሁ፤ ጠረጴዛዬ ላይ ሳምንት ሙሉ አጠገብ ለአጠገብ ተኝተዋል። እናትሽን ሊያነጋግሯት ሲሞክሩ፣ እንደ ቀድሞው ጠጋ ብዬ ተራቸውን እንዳላበላሽ ፈርቼ ግድግዳ ተደገፍኩ።

በማግስቱ ሐኪሙ ፋሻውን ፈታ። መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው። «አርጅተሻል» አለችኝ።

«አንቺስ?»

«እኔን አላየሁም ገና።»

ቤት ስንገባ ደብዳቤዎችሽን አምጪ አለች። ሁሉንም። መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ከጥቅምት ጀምራ አነበበቻቸው፤ ጣቷ ከመስመሩ ሥር እየሄደ፣ እንደ ልጅነቷ ጮክ ብላ። እኔ እንደ ልጅነቴ ከጀርባዋ ተቀመጥኩ። ልጄ፣ ያልነበረ ነገር አላነበብኩላትም፤ የነበረ ግን ዘልያለሁ። «ማን ያበጥራታል» የምትለዋን ዘልዬ ነበር። «ካርዷ የማን ናት» የምትለዋን ዘልዬ ነበር። የየካቲት ሃያዋን ጨርሶ አልደረሰችም ብያት ነበር። እያንዳንዷ ጋ ስትደርስ ቆም ትልና ሳትዞር «ይህን አላነበብሽልኝም» ትላለች። «አላነበብኩልሽም» እላለሁ። ትቀጥላለች።

የየካቲቷን ስትጨርስ ወረቀቱን ጭኗ ላይ አኖረችው።

«አሥራ አንድ ጊዜ?» አለች።

«አሥራ አንድ ጊዜ።»

«ተራዬን ለመጠየቅ የምሄድ መስሎሽ ነው?» አለችኝ። «ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ሲንጫጫ እሰማው ነበር። አንቺ ስትፈርሚ። ባይሽ ኖሮ በልጅነታችን ገጹን አላሳየኋትም ብዬ አፍር ነበር፤ አላየሁሽም፤ ስለዚህ ሄድኩ።»

ሃምሳ ዓመት ይዤው የኖርኩት ቂም ነበር፤ አንድ ከሰዓት በኋላ ተቀምጣ አነበበችብኝ። ይቅር ብያት እንደሆነ ገና አላውቅም። ነገ ይመለሱን ግን ይቅር አላልኩትም። ካርዶቹን የት መመለስ እንዳለበት በትልልቅ ፊደል ጽፌ ከመስኮቱ ውስጥ፣ እሱ በሚያየው በኩል፣ ለጥፌበታለሁ።

የቀሩት ሁለት ሺህ ሰዎች በየተራቸው እየተጠሩ ነው። ሥራ አስኪያጁ ከሌላ ቦታ ሃያ ሁለት ሣጥን ይመጣል ብሎኛል። አምስተኛ ረድፍ ያስፈልጋል፤ የቀሩትን ቦታዎች በባዶ ወረቀት እሞላቸዋለሁ። ከመጀመሬ በፊት ግን ሃያ ሁለቱንም ሄጄ አያለሁ፤ ለየካርድ ያዡም ያንኑ ጥያቄ እጠይቃለሁ። ቀጭኗ አብሬሽ እሄዳለሁ ብላለች።

ይህ ደብዳቤ ከመታሸጉ በፊት እናትሽ ከታች የራሷን ጨምራበታለች፤ ምን እንዳለች አላየሁም። መልስሽን ስትልኪ በእሷ ስም ላኪው። መነጽር ተሰጥቷታል፣ መስኮቱም ቦታዋ ሆኗል። እኔ ከእንግዲህ ደብዳቤሽን አላነብላትም።